አክተር አይሞትም፤ ከሞተ ግን ይቀበር

ፋስት ኤንድ ፊውሪየስ የሚባለው የሆሊውድ የመኪና አክሽን ተከታታይ ፊልም አሥረኛው ክፍል የወጣው በግንቦት 2023 ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ፊልሙም የፈረንጅ ነው።) ዓመታት አለፉ፤ ጎጃም ውስጥ ግን ክርክሩ አልበረደም። ባሕር ዳር የባጃጅ ተራ ላይ፣ ደብረ ማርቆስ ጀበና ቡና ዙሪያ፣ ፍኖተ ሰላም ፑል ቤት ውስጥ ስለ ዋናው አክተር ስለ ዶምና ስለ አሥረኛው ክፍል ወንጀለኛ ስለ ዳንቴ የሚነታረክ አይጠፋም። አንዱ አምስተኛውን የሚያህል የለም፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ትርፍ ነው ይላል። ሌላው ሰባተኛው ላይ አልቅሼ ጨርሻለሁ ባይ ነው። ዳንቴን ካየ በኋላ ለተከታታዩ ሁሉን ይቅር ያለም አለ።

በሌላው ዓለም የዚህ ፊልም ወቀሳ የታወቀ ነው። መኪና እንዴት ይበራል? ሰው አየር ላይ ተወርውሮ ኮፈን ላይ ሲያርፍ እንዴት አጥንቱ አይሰበርም? የፊዚክስ መምህሩ የት ሄደ? ወቀሳው መሠረት አለው። ዘጠነኛው ላይ እኮ ሮኬት የታሰረባት ፖንቲያክ ሕዋ ድረስ ወጥታለች።

እዚህ በዚህ የሚስቅ እንጂ የሚናደድ አላየሁም። ንዴቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሰዉ የሚያማርረው ሞት ረከሰ ብሎ ነው። የሞተው ይመለሳል፣ የተቀበረው ይነሳል፣ የገደለው ከሟች ወዳጆች ጋር ማዕድ ይቆርሳል። እኔም ይሄኛው ወቀሳ ከፊዚክሱ የበለጠ ፊልሙን የሚነካው ይመስለኛል። መኪና መብረሩ ተከታታዩን አልጎዳውም። ቀብር መቅረቱ ነው የጎዳው።

ግነት ለጎጃም ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ሠርግ ላይ ሽለላውና ቀረርቶው ሞቅ ሲል ፎካሪው ብድግ ይላል። ዱላውን ይነቀንቃል፣ እንደ ምንሽር ያነጣጥራል፣ ወዲያ ወዲህ ይንጎራደዳል። በአንድ ጥይት ሦስት ይጥላል። ገደሉን በአንድ እርምጃ ይሻገራል። በዚህ መሐል «ኧረ ይሄስ አይቻልም» የሚል ቢነሳ የሚባረረው እሱ ነው። የሚወራው ስለ ሰውዬው ልብ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ጥይቱን ማንም አይቆጥርም።

ስለዚህ አሥረኛው መጨረሻ አካባቢ ዶም ልጁን ጎኑ አስቀምጦ፣ ቦቴዎች ሲመጡበት፣ የግድቡን ግድግዳ ይዞ ቁልቁል ሲነዳ እዚህ ያለው ተመልካች ያጨበጭባል። በተለይ ሹፌሮች ይወዱታል። ከደጀን ተነስቶ አባይ በረሃን የወረደ ሰው ቁልቁለት ምን እንደሆነ ከዶም በላይ ያውቃል። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል በማርሽ እየያዘ ወርዷል፤ የፍሬን ሸራ ሲቃጠል ሸቶታል። ግን ፊልሙን ውሸታም አይለውም። ፍሬኑን የሠራለትን ጋራዥ ንገሩኝ ብሎ ይስቅና ማየቱን ይቀጥላል።

ይህ ተመልካች ያደገው ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው፤ እሱ ባያድግ እንኳ ታላቅ ወንድሙ አድጓል። ጭቃ ግድግዳ፣ አግዳሚ ወንበር፣ መስኮቱ ላይ ጥቁር ጨርቅ፣ ፊት ለፊት አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ። ዛሬ ብዙዎቹ ኳስ ማሳያ ሆነዋል፤ ደንባቸው ግን ከሰው አፍ አልጠፋም። አክተር አይሞትም። ጥይት ይዘንባል፣ አይነካውም። ቢነካውም ትከሻውን ነው፤ ሸሚዙን ቀዶ ያስረዋል። ይህን ሁሉም ስለሚያውቅ ዘና ብሎ ያያል።

የአክተሩ ጓደኛ ግን ይሞታል። ጓደኛው ከኪሱ ፎቶ አውጥቶ ስለ ሚስቱና ስለ ልጁ ማውራት ከጀመረ ቤቱ ሁሉ «አለቀለት!» ይላል። እውነትም ያልቅለታል። አክተሩ የሚቆጣው፣ ፊልሙም የሚሞቀው ከዚያ ወዲያ ነው። አክተር አይሞትም የሚለው ሕግ የሚሠራው ሌላው ሰው የእውነት ስለሚሞት ነው። ማንም የማይሞት ከሆነ አክተር መሆን ምኑ ይገርማል?

የ2001ዱ የመጀመሪያ ክፍል ይህን ያከብር ነበር። ያኔ ፊልሙ ትንሽ ነው። ወደ 38 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት፣ የሎስ አንጀለስ ሰፈር ልጆች፣ የሌሊት የመኪና እሽቅድምድም፣ ከጭነት መኪና የሚዘረፍ ኤሌክትሮኒክስ። አንድ ትዕይንቱን ሁሌም አነሳዋለሁ። ዶም ጓሮ ጠረጴዛ ተዘርግቷል፣ ዶሮው ቀርቧል። ጄሲ የሚባለው ቀጭን ልጅ ቀድሞ እጁን ይሰዳል። የቤቱ ደንብ ደግሞ ቀድሞ እጁን የሰደደ ይጸልያል ነው። ጄሲ አንገቱን ደፍቶ ይጸልያል፤ ለሞተር ጉልበት ስለሚጨምረው ናይትረስ ሳይቀር ፈጣሪን ያመሰግናል። ይሳቃል፣ ግን አሜን ተብሎ ይበላል።

ሰንበቴና ማኅበር እያየ ያደገ ሰው ይህ ጠረጴዛ አይጠፋውም። ሳይጸለይ አይቀመስም፤ ቀድሞ የቀመሰ ሙድ ይያዝበታል። «ፋሚሊ» የምትለው የዶም ቃል ሌላው ዓለም መቀለጃ ካደረጋት ቆየች። እዚህም ይቀለድባታል፤ ግን በዘመድ ቀልድ ነው።

ጄሲ ፊልሙ ሳያልቅ በጥይት ይሞታል፣ እዚያው ዶም ቤት ደጃፍ ላይ። እስከ ዛሬ አልተመለሰም። አሥር ክፍል ሙሉ ማንም አላስነሳውም። ብዙ ሰው ስሙን ረስቶታል። «ያ ቀጭኑ ልጅ» ሲባል ግን ሁሉም አሟሟቱን ያስታውሳል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሌላ ታሪክ ነው። የዶም ፍቅረኛ ሌቲ አራተኛው ላይ ሞተች ተባለ፤ ዶም ቀብሯን ከሩቅ ቆሞ አየ። ስድስተኛው ላይ ያለፈውን ሁሉ ረስታ ተመለሰች። ሰው ይቅር አለ። ሌቲ ናታ! ደግሞም የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

የሃን ግን ከበደ። የዶም ወዳጅ የሆነው ሃን የሞተው ሦስተኛው ላይ፣ ቶኪዮ ውስጥ ነው። ተመልካች ስለወደደው አራተኛው፣ አምስተኛውና ስድስተኛው ከሦስተኛው በፊት የሆኑ ታሪኮች ተደርገው ተሠሩና ሃን በሕይወት ቆየን። ይሄ ብልህ ዘዴ ነበር። ሁልጊዜ የሆነ ነገር እየቆረጠመ የሚስቅ ሰው ነው። እሱን ስታይ መጨረሻውን እያወቅህ ነው። ሳቁ ራሱ አንጀት ይበላል። ስድስተኛው ሲያልቅ ገዳዩ ሾው የሚባል የእነ ዶም ጠላት መሆኑ ታወቀ፤ ሰባተኛው ላይ ቀብሩ ታየ። ዘጠነኛው ላይ በሕይወት ብቅ አለ። ለካ ማስመሰል ነበር። በዚያች ደቂቃ የጠፋው የአንድ ሰው ሞት ብቻ አልነበረም። አራት ፊልም ሙሉ የተሸከምነው ሐዘን በአንድ መግቢያ ተራገፈ።

አሥረኛው ጎጃም የደረሰው እንደ ሌላው ፊልም ሁሉ በፍላሽ ነው። ፊልም መጫኛ ቤቱ ጠባብ ናት፤ አንድ ኮምፒውተር፣ የተጠላለፈ ገመድ፣ ግድግዳው ላይ የደበዘዙ ፖስተሮች። «ፋስት አሥር ገብቷል?» «ገብቷል፣ ግን ካሜራ ነው። ክሊሩን ጠብቅ።» የቸኮለ የጥቁር ጭንቅላት ጥላ የሚያልፍበትን ካሜራ ኮፒ ይዞ ይሄዳል። ታጋሹ ጥራት ያለውን፣ ክሊሩን ይጠብቃል። ከሁሉም በላይ ታጋሹ ደግሞ ትርጉሙን ይጠብቃል።

ነሐሴ 2023 ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም ቆየ። ቴሌግራም የለም፣ ቲክቶክ የለም። ያኔ ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ያላየው አየ፣ ያየው ደገመ። ማታ ከቤት መውጣት አይቻልም፤ መብራት ካለ ፊልም ነው። እንግዲህ ይህ ሰው የማያልቅበት ፊልም እዚህ በብዛት የታየው በዚያ ሰሞን ነው። በዚያ ሰሞን ቀብር የፊልም ወሬ አልነበረም። ከዚህ በላይ ማስረዘም አያስፈልገኝም።

ጄኮብ የሞተበትን ትዕይንት ሰብሰብ ብለን ነው ያየነው። ጄኮብ ማለት የዶም ወንድም፣ ጆን ሲና የሚሠራው። ዘጠነኛው ላይ ጠላት ነበር፤ አሥረኛው ላይ የወንድሙን ልጅ ይዞ ሲያሸሽ የተወደደ አጎት ሆኗል። መጨረሻ ላይ ዶምና ልጁ እንዲያልፉ መኪናውን ከአሳዳጆቹ ጋር ያጋያል። ወንድም ለወንድሙ ሞተ። ትዕይንቱ በደንብ ተሠርቷል፤ ልጁ ይጮኻል፣ ሙዚቃው ይወርዳል። ክፍሉ ውስጥ ግን ዝም ያለ ሰው አልነበረም። «ይመለሳል» አለ አንዱ። «አሥራ ሁለት ላይ» አለ ሌላው። ሳቅ ሆነ።

ወንድም ለወንድሙ ሲሞት የሚሳቅበት አገር አይደለም ይሄ። የሳቀውም ሰው ጨክኖ አይደለም። ለሌቲ አዝኗል፣ ለሃን አልቅሷል፤ ሁለቴ ተሸውዷል። ለሦስተኛው እንባ የለውም። ፊልሙ ራሱም ይህን ያውቃል። ዘጠነኛው ላይ የዶም ጓደኛ ሮማን ስንት ጥይትና ስንት ፍንዳታ አልፎ አንድ ጭረት ሳይነካው መቅረቱን ቆጥሮ፣ እኛ እኮ አንሞትም ማለት ነው ብሎ ይከራከራል። በቀልድ ነው የሚያልፈው። አሪፍ ቀልድ ነው፤ ግን ባለቤቱ በራሱ ዕቃ ሲስቅ ገዢው ዋጋ ይቀንሳል።

ጎጃም የራሱ ትልቅ ታሪክ አለው። ሐዲስ ዓለማየሁ ያንን ልብ ወለድ እስከ መቃብር ብለው የሰየሙት በከንቱ አይደለም። በዛብህ ይሞታል፣ ሰብለ ትሞታለች፣ ጉዱ ካሣም ይከተላል። ታሪኩ መቃብር ላይ ያበቃል። ስንት ትውልድ አንብቦ በሬዲዮም ሰምቶ አለቀሰ። እስቲ በዛብህ ሁለተኛ ክፍል ላይ «ለካ አልሞትኩም ነበር» ብሎ ደጀን ላይ ከአውቶብስ ሲወርድ አስቡት።

አሁን ወደ ሾው ልምጣ፤ ሰዉ ከሁሉ በላይ የሚያነሳው እሱን ነው። ስምንተኛው ላይ ሾው የዶምን ሕፃን ልጅ ከአውሮፕላን አውጥቶ አዳነ። መጨረሻ ላይ ኒው ዮርክ አንድ ጣራ ላይ ማዕድ ተዘርግቶ ሾው ከእነ ዶም ጋር ተቀመጠ። በዚያን ጊዜ ሃን በእሱ እጅ እንደሞተ ነው የሚታወቀው። ማንም ስሙን አላነሳም። ምግቡ ተበላ።

እዚህ ነፍስ ያጠፋ ሰው እንዲህ አይቀመጥም። መጀመሪያ አካባቢውን ይለቃል። ሽማግሌ ይላካል፣ ቄስ ይገባበታል። የሟች ወገን እምቢ ይላል፤ ሽማግሌ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል። ካሳ ይቆረጣል። ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል። መሐላ አለ። አብሮ መብላት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ደሙ ደርቋል ሲባል ነው። ልጅ ማዳን ትልቅ ውለታ ነው፤ ማንም አይክደውም። ግን ውለታ ደም አያደርቅም። የሃን ስም ሳይነሳ ያ ምግብ መበላቱ ተመልካቹን የምር አስቀይሞታል። ዶም ፋሚሊ ባለ ቁጥር «የሃንስ ነገር?» የሚል ሰው አይጠፋም ነበር።

ጥያቄው የእኛ ብቻ አልነበረም። የውጭ ተመልካቾችም ለሃን ፍትሕ ይሰጠው ብለው ዘመቻ ከፍተዋል። ዳይሬክተሩ ጀስቲን ሊን ለዘጠነኛው ሲመለስ መልሱን ይዞ መጣ፤ መልሱ ሃንን ማስነሳት ሆነ። ፍትሕ ተጠየቁ፣ ትንሣኤ ሰጡ። ሃን ካልሞተ ሾው ገዳይ አይደለም፤ ካሳ የለም፣ ይቅርታ የለም፣ ዕርቅ የለም። አሥረኛው ላይ ሃንና ሾው ለንደን ውስጥ ሲገናኙ ትንሽ ተደባደቡና ወደ ጉዳያቸው ገቡ። ከተከታታዩ ሁሉ የከበደው ጉዳይ ሻይ እስኪፈላ በማይሞላ ጊዜ አለቀ። እኔ እንደ ተመልካች እዚህ ላይ ነው የከፋኝ።

ዳንቴ የተወደደው ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል። ጄሰን ሞሞአ የሚሠራው ይህ ሰው የሄርናን ሬየስ ልጅ ነው። አምስተኛው ላይ እነ ዶም ሪዮ ውስጥ ካዝናውን በሁለት መኪና እየጎተቱ የዘረፉት ሰውዬ ልጅ ማለት ነው። አሥረኛው ሲጀምር ያንኑ የድልድይ ትዕይንት እንደገና ያሳየንና ልጁ እዚያ እንደነበረ ይነግረናል። ካዝናው መኪናውን ጠርጎ ባሕር ውስጥ ከተተው። አባቱ ሞተ፣ ሀብቱ ጠፋ። አሁን ለአባቱ ደም መጥቷል።

ይህን ለጎጃም ተመልካች ማብራራት አያስፈልግም። የዳንቴ ጠባይ ያስቃል ወይም ያበሳጫል። ይደንሳል፣ ሐምራዊ መኪና ይነዳል፣ የገደላቸውን ሰዎች ወንበር ላይ አስቀምጦ ጥፍር እየቀባ ያጫውታቸዋል። ትልልቅ ሰዎች ሬሳ መቀለጃ ሲሆን ደስ አላላቸውም፤ ወጣቶቹ ፈታ ብለው ሳቁ። ምክንያቱን ግን ሁለቱም ወገን ተረድቶታል። በተከታታዩ ውስጥ ሞት ከረከሰ በኋላ ሞትን ከልቡ የቆጠረ ሰው እሱ ብቻ ነው። አባቱ ሞቷል፤ ለእሱ ይሄ ቀልድ አይደለም፣ የሚሰረዝም አይደለም። የሚገርመው፣ ቤተሰብ ቤተሰብ ከሚሉት ሁሉ ይልቅ ወንጀለኛው ነው ለሟቹ ታማኝ የሆነው።

እዚህ ላይ የሕግ ክርክርም አለ። አምስተኛውን በደንብ ያየ ሰው ሬየስን የተኮሰው ዶም እንዳልሆነ ያውቃል። ሆብስ ነው፣ ድዌይን ጆንሰን የሚሠራው። ታዲያ ዳንቴ ዶምን የሚያሳድደው በምን ሕግ ነው? ደሙ ያለው ሆብስ ዘንድ ነው። ይህን ጥያቄ የፑል ቤት ልጆች ሲያነሱት ሰምቼ የፊልሙ ጸሐፊዎች ረስተውታል ብዬ ነበር የምጠብቀው። አልረሱም። ፊልሙ አልቆ የሠራተኞቹ ስም መሄድ ከጀመረ በኋላ ዳንቴ ለሆብስ ይደውላል፤ አባቴን የገደልከው አንተ ነህ፣ ቀጣዩ አንተ ነህ ይለዋል። ስሙ መሄድ ሲጀምር ቴሌቪዥኑን የሚያጠፋ ሰው ይህ ያመልጠዋል፤ ብዙ ሰው አምልጦታል።

ስለ ትርጉሙም አንድ ነገር ልበል። የተመልካች አስተያየት የምንለው ግማሹ የተርጓሚው አስተያየት ነው። አንድ ሰው በአንድ ድምፅ ዶምንም ሌቲንም ዳንቴንም ይሆናል። ያልተባለ ይጨምራል፣ የተባለ ያሳጥራል፣ መሐል ላይ ይሳደባል። ጥሩ ተርጓሚ ደካማ ፊልም ያነሳል። ሃን ተመልሶ ሲመጣ «አንተ፣ ተዝካርህን በልተን ጨርሰናል እኮ!» የሚል ተርጓሚ ቢገኝ ሰው ፊልሙን ሳይሆን እሱን ነው የሚያደንቀው። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ፊልም ሲከራከሩ መጀመሪያ በትርጉም ነው ወይስ በኦሪጅናሉ ያያችሁት ብሎ መጠየቅ ያዋጣል።

ለምን አይቀብሩም ታዲያ? መልሱ ገበያ ነው። ሰባተኛው በዓለም ላይ ወደ 1.5 ቢሊዮን ዶላር አስገባ፣ ስምንተኛው ከ1.2 ቢሊዮን በላይ። ከዚያ ዘጠነኛውም አሥረኛውም ወደ 700 ሚሊዮን አካባቢ ወረዱ። የዘጠነኛውን ወረርሽኙ ጎድቶታል፤ ሲኒማ ቤቶች ገና እየተከፈቱ ነበር። አሥረኛው ግን ያ ሰበብ የለውም። በዚያ ላይ ለመሥራት ብቻ ወደ 340 ሚሊዮን እንደወጣበት ተዘግቧል፤ ሊን ቀረጻው እንደተጀመረ በሚያዝያ 2022 ጥሎ ወጥቶ ሉዊ ለተሪዬ ተክቶታል። ከትኬት ገንዘብ ግማሽ ያህሉ ለሲኒማ ቤት እንደሚቀር ስታስብ ሂሳቡ ያስፈራል።

ከአሥረኛው ገቢ ከሦስት አራተኛ በላይ የመጣው ከአሜሪካ ውጭ ነው። ውጭ አገር የሚሸጠው ደግሞ የታወቀ ፊት ነው። መኪናውንና ፍንዳታውን ማንም በማንኛውም ቋንቋ ያያል፤ የሚያስመርጠው ሃን አለ፣ ሌቲ አለች፣ ሆብስ ተመልሷል የሚለው ወሬ ነው። አዲስ ሰው አስተዋውቆ ከማስወደድ የሞተን ማስነሳት ይቀላል። በየፊልሙ የሚጨምር እንጂ የሚቀንስ ሰው የለም፤ ሁሉም ደግሞ ደመወዙ ትልቅ ነው። ወጪው ያበጠው በመኪና ብቻ አይደለም።

ይህ አካሄድ ሲያስከፍል ግን ይታያል። አሜሪካ ውስጥ ፊልም በተከፈተበት ምሽት ከሲኒማ የሚወጡ ሰዎችን የሚጠይቅ ሲኒማስኮር የሚባል ድርጅት አለ። ለሰባተኛውና ለስምንተኛው ተመልካቾች ኤ ሰጡ። ለዘጠነኛውና ለአሥረኛው ቢ ፕላስ። የወረደው ሃን ከተመለሰበት ፊልም ጀምሮ ነው። ምክንያቱ እሱ ነው ማለት አይደለም፤ እኔ ግን ጠርጥሬያለሁ።

የእኛ አስተያየት ከዚህ ሂሳብ ውስጥ የለም። ጎጃም ለዚህ ፊልም የከፈለው የፍላሽ መጫኛ ነው፤ ከእሱም አንድ ሳንቲም ሆሊውድ አልደረሰ። ስለዚህ የምናማርረው እንደ ደንበኛ አይደለም። እንደ ጎረቤት ነው፤ ሳይከፍል የሚያይ፣ አይቶ የሚፈርድ።

ከትንሣኤው ቀጥሎ የሚነሳው ቅሬታ አሥረኛው አለማለቁ ነው። ግድቡ ሲፈነዳ፣ እነ ሮማን ያሉበት አውሮፕላን ተመትቶ ሲወድቅ፣ አንታርክቲካ በረዶ ላይ ሰርጓጅ መርከብ ብቅ ስትልና ጂዜል ስትወጣ ፊልሙ ይቆማል። ጂዜል! ስድስተኛው ላይ ሃንን ለማዳን እጇን ለቃ ጨለማ ውስጥ የወደቀችው። ስለ እሷ ግን ሰው ተከፍሏል። ሬሳዋ አልታየም፣ ቀብሯም አልታየም፣ ስለዚህ ትመለስ የሚል ወገን አለ። እንዲህ ዓይነት ዳኝነት ደስ ይለኛል፤ ቢያንስ ሕግ አለው።

ቀጣዩ ክፍል ለ2025 ነበር የታሰበው። 2023 ላይ የጸሐፊዎቹና የተዋንያኑ አድማ መጣ፤ ሆሊውድ ለወራት ቆመ። 2025 አለፈ፣ ፊልሙ የለም። ፍላሽ ቤት ገብቶ «አሥራ አንድ ገብቷል?» የሚል ልጅ አሁንም አለ። ባለቤቱ መልስ መስጠት ሰልችቶታል።

የሚያሳስበኝ ግን መዘግየቱ አይደለም። በሰኔ 2025 ዶምን የሚሠራው ቪን ዲዝል በአድናቂዎች ፊት ስለ መጨረሻው ክፍል ሲናገር ሦስት ነገር ጠይቄያለሁ አለ፦ ታሪኩ ሎስ አንጀለስ ይመለስ፣ የመኪናውና የመንገድ ላይ እሽቅድምድሙ ባህል ይመለስ፣ ዶምና ብራያን ይገናኙ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ማን ይጠላል? ሦስተኛው ላይ ነው የቆምኩት።

የዶምን የቅርብ ጓደኛ ብራያንን ይሠራ የነበረው ፖል ዎከር በኅዳር 2013 በመኪና አደጋ ሞቷል፤ 40 ዓመቱ ነበር። ሰባተኛው ገና ተቀርጾ አላለቀም። ወንድሞቹ ኬሌብና ኮዲ በአካል ተክተውት፣ ፊቱ በኮምፒውተር ተሠርቶ ፊልሙ አለቀ። መጨረሻው ላይ የብራያን ነጭ መኪና ከዶም መኪና ጎን ለጎን ትሄድና መንገዱ ይከፈላል። አንደኛው ወዲህ፣ አንደኛው ወዲያ። ማንም አልሞተም፤ ግን የዓለም ተመልካች ሁሉ ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ያውቅ ነበር። ጎጃም ውስጥ ያን መጨረሻ ብቻውን ቆርጦ ስልኩ ላይ ያስቀመጠ ሰው ብዙ ነው። ተከታታዩ አንድ ሰው በሥርዓቱ የቀበረው ያን ጊዜ ነው።

ነገሩ የተገላበጠ ሆነ። በእውነት የሞተው በፊልሙ ውስጥ በሕይወት አለ፤ ቤቱ ነው፣ ልጆቹን ይጠብቃል ይባላል። በፊልሙ የሞቱት ደግሞ ተራ በተራ ይነሳሉ። ዘጠነኛው መጨረሻ ላይ ሰማያዊ መኪናው ወደ ማዕዱ ስትመጣ ታየች፤ ሰውዬው አልታየም። ያ ያምር ነበር። አሁን ፊቱን በኮምፒውተር ሠርተው ሊያናግሩት ከሆነ ከሃን መመለስ የባሰ ነው። ሃንን የሠራው ተዋናይ ቢያንስ አለ፤ ጠርተው ጠይቀውታል፣ እሺ ብሎ መጥቷል።

አሥረኛው ላይ ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነገር አለ። የፖል ልጅ ሜዶው ዎከር ለጥቂት ሰከንድ የአውሮፕላን አስተናጋጅ ሆና ትታያለች። ማን እንደሆነች ሲነገራቸው ወደኋላ መልሰው ደግመው ያዩ አውቃለሁ። እሷን ጠረጴዛው ላይ ቢያስቀምጧት ለእኔ ይበቃኝ ነበር። ሰፈራችን ግን በዚህ አይስማማም። ገሚሱ ፖልን አንድ ጊዜ ደግሞ ማየት ይፈልጋል፤ በኮምፒውተርም ይሁን በምን ግድ የለውም።